አፍ የሚፈታ እጅ

የእጅ ሥራ በሕፃናት የንግግር ሕክምና

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ያደገ ሰው የጭቃ በሬ ሠርቶ ያውቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጥቁሩ ዋልካ ውኃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ሲለዝብ፣ ከብት ጠባቂ ልጆች ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ከመስኩ ዳር ተቀምጠው ባለ ሻኛ በሬ፣ ቀንበርና ሞፈር፣ አንዳንዴም ጅብና ቀበሮ ያበጃሉ። እኛም ከእነዚያ ልጆች መካከል ነበርን። ከሁላችን እጀ ብልኁ ግን አንድ ጓደኛችን ነበር። የእርሱ በሬዎች በአራት እግራቸው ይቆማሉ፤ የእኛዎቹ በሆዳቸው ይተኛሉ። በጭቃው ዙሪያ ሲሆን ይህ ልጅ ወሬኛ ነው፤ ይሟገታል፣ በሬ በበሬ ይለውጣል፣ ቀንዱ ጠማማ ነው ብሎ ያርመናል። ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን አፉን አይከፍትም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ «ቀ»ን «ከ» ይላል። አንድ ቀን ስለ ቀበሮ የሚተርክ ምንባብ እንዲያነብ ታዝዞ ተነሣና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ከበሮ» እያለ አነበበው። ከበሮዋ ጫጩት ሰርቃ ስትሮጥ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቂዎቹ እኛ ነበርን። ከዚያን ቀን ወዲህ እንዲያነብ ሲታዘዝ ዝም ብሎ መቆምን መረጠ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ትምህርቱን ተወ።

የፊዚክስ መምህራን ሆነን ሳለ ስለ ጭቃ በሬና ስለ ንግግር ሕክምና የምንጽፍበትን ምክንያት የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ነው። በውጭ አገር የድምፅ ሞገድን ትምህርት በምንከታተልበት ጊዜ የገዛ ራሳችንን «ከ» እና «ቀ» በመሣሪያ ቀድተን ሥዕላቸውን ጎን ለጎን አየናቸው። በ«ከ» ሥዕል ላይ ከፍንዳታው ቀጥሎ የትንፋሽ ሹክሹክታ ይታያል። በ«ቀ» ላይ ግን ፍንዳታው ጠንካራ ሆኖ ይነሣና፣ ከእርሱ ቀጥሎ በሺህኛ ሴኮንዶች የሚቆጠር ፍጹም ጸጥታ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አናባቢው ይጀምራል። ያን ጸጥታ ስናይ ትዝ ያለን ጓደኛችን ነበር። እኛ ስንፍና ወይም ሞኝነት ያልነው ነገር የጥቂት ጡንቻዎች የጊዜ ቅንጅት ጉዳይ ኖሯል።

የ«ቀ» ፊዚክስ

የሥነ ልሳን ምሁራኖቻችን ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጽ እና ጵን «ፈንጂ» ድምፆች ይሏቸዋል። ስማቸው የተገባ ነው። «ክ» ሲባል የምላሳችን የኋላ ክፍል ከላንቃ ጋር ተጣብቆ ከሳንባ የሚመጣውን አየር ያግድና ይለቅቀዋል። «ቅ» ሲባል ግን ሁለተኛ በር ይዘጋል፤ በማንቁርት ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ገጥመው ይቆለፋሉ። በሁለቱ በሮች መካከል ጥቂት አየር ይታሰራል። ከዚያ ማንቁርት እንደ ፓምፕ ዘንግ ወደ ላይ ከፍ ይልና የታሰረውን አየር ያምቀዋል። አንባቢ ጣቱን በማንቁርቱ ላይ አድርጎ «ቅ! ቅ! ቅ!» ቢል እንቅስቃሴው ይሰማዋል። በመጨረሻ የምላሱ በር ሲከፈት አየሩ ይፈነዳል፤ የድምፅ አውታሮቹ ግን ገና ተዘግተው ስለሚቆዩ ያ አጭር ጸጥታ ይፈጠራል።

በተለመዱት እግድ ድምፆች ጊዜ በአፍ ውስጥ የሚፈጠረው ትርፍ ግፊት ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር የውኃ ዐምድ ያህል ነው። በፈንጂዎቹ ጊዜ ከዚህ እጥፍ ሊደርስ፣ ሊያልፍም ይችላል። 15 ሴንቲሜትር የውኃ ዐምድ ብንወስድ ወደ 1.5 ኪሎፓስካል ይሆናል። ቢቸናም ሆነች ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ በዚያ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 75 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በቦይል ሕግ መሠረት 1.5ን ለ75 ብናካፍል የታሰረው አየር ይዘት በ2 ከመቶ ያህል መቀነስ አለበት ማለት ነው። ጉንጭና ጉሮሮ እንደ ብረት የጸኑ ግድግዳዎች ስላልሆኑ ትክክለኛው ቅነሳ ከዚህ ይበልጣል። ይሁንና ልጁ የሚጠየቀው ጉልበት ይህን ያህል ትንሽ ነው። ሁለት በሮችን በአንድ አፍታ መዝጋት፣ አንዱን ማንሣት፣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል መክፈት፤ አስቸጋሪው ቅንጅቱ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሌብ ኤቨረት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ፈንጂ ድምፆች ያሏቸው ቋንቋዎች በአብዛኛው በከፍተኛ ቦታዎች ላይ ወይም በአቅራቢያቸው እንደሚገኙ የሚያሳይ ጥናት አሳትሞ ነበር። የኢትዮጵያ ደጋም ከጠቀሳቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ምክንያቱን ሲገምት፣ በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ለማመቅ ይቀላል ይላል። ሐሳቡ ጆሮ የሚስብ ቢሆንም እኛ ብዙም አልረካንበትም። ለተመሳሳይ የግፊት ልዩነት የሚያስፈልገው የይዘት ቅነሳ በከፍታ ላይ ይበዛል እንጂ አያንስም፤ ከላይ ያደረግነውን ስሌት በባሕር ወለል ግፊት ደግሞ የሠራ ተማሪ ይህን ያየዋል። በዚያም ላይ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው መንሥኤ መሆኑን አያረጋግጥም።

አየር የሚያፈስ ላንቃ

ጓደኛችን አፉ ጤነኛ ነበር። ከእርሱ የባሰ ችግር ያለባቸው ልጆች አሉ። በዓለም ላይ በአማካይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ወይም ሁለቱም ተሰንጥቆ ይወለዳል። የተሰነጠቀ ላንቃ ማለት ለፊዚክስ ተማሪ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ማለት ነው፤ ግፊት ሊጠራቀምበት አይችልም። ም እና ን በተፈጥሯቸው በአፍንጫ የሚወጡ ድምፆች ስለሆኑ እምብዛም አይቸገሩም። ብ፣ ት፣ ስ፣ ጥ ግን አየራቸው በአፍንጫ ይፈስሳል። አንዳንዱ ልጅ አየሩን በአፉ ማገድ ሲያቅተው ከጉሮሮው ላይ ያግደዋል፤ በዚህ የተነሣ ተነባቢዎቹ ሁሉ ከማንቁርት የሚወጡ አጫጭር መቆራረጦች ይሆናሉ። ሰሚው የሚሰማው አናባቢ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

ቀዶ ሕክምና ቀዳዳውን ይዘጋል። በአገራችን ይህ ሕክምና ለረጅም ጊዜ ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አንዱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የየካቲት 12 ሆስፒታል ነው። ብዙ ወላጆች የማይጠብቁት ነገር ግን ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ላንቃው ተሰፍቶ ድኖ ሳለ ልጁ እንደ ቀድሞው ይናገራል። ምላሱና ማንቁርቱ በቀዳዳው ዘመን የተማሩትን ልማድ ስፌት አያስረሳቸውም። አበባየሁ መሰለ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የሥነ ልሳን ምሁር እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ አገር ለሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ይህንኑ ይመለከታል፤ ላንቃቸው የተጠገነ አማርኛ ተናጋሪ ሕፃናት ድምፆችን እንዴት እንደሚያወጡ የመረመረ ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ ላይ የተመሠረቱት መማሪያዎች ስለ ጥ እና ቅ ብዙም የሚነግሩን ስለሌለ እንዲህ ያለው ጥናት ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

አየሩ በየት እንደሚወጣ ለማየት ቀዝቃዛ መስታወት ይበቃል። መስታወቱን ከልጁ አፍንጫ ሥር አድርጎ «ባባ»፣ «ታታ» እንዲል መጠየቅ ነው። ጤነኛ ላንቃ ያለው ልጅ መስታወቱን አያደበዝዘውም። «ማማ» ሲል ግን ሁሉም ያደበዝዘዋል። ተማሪዎች በራሳቸው ላይ ቢሞክሩት የአፍንጫና የአፍ ድምፆችን ልዩነት በአንድ ደቂቃ ይረዳሉ።

ጠጠሩ ከአፍ ይውጣ

የጥንቱ ግሪካዊ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ አፉን ለማፍታታት ጠጠር ጎርሶ ይለማመድ እንደ ነበር ፕሉታርክ ጽፎአል። ይህ ትረካ ሁለት ሺህ ዓመት ኖሮ እስከ ዛሬ ይወራል፤ ዝርያዎቹም ብዙ ናቸው። ልጅ ፊኛ እንዲነፋ፣ ፊሽካ እንዲነፋ፣ ምላሱን ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያወዛውዝ ማድረግ ንግግሩን ያስተካክላል ተብሎ ለዘመናት ሲሠራበት ቆይቶአል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ግምገማ እነዚህ ንግግር አልባ የአፍ ልምምዶች ለንግግር ድምፆች ይጠቅማሉ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አለመኖሩን አሳይቷል። መንፋትና መናገር አንዳንድ ጡንቻዎችን ቢጋሩም አንጎል የሚያዝዝባቸው መንገድ የተለያየ ነው። በብስክሌት መንዳት መዋኘት አይለመድም።

እንግዲህ በውጭም ሆነ በአዲስ አበባ የንግግር ሕክምና ክፍል ውስጥ የገባ ሰው ባለቀለም እርሳስ፣ መቀስ፣ ማጣበቂያና የሚለዝብ ሊጥ ተዘርግቶ ቢያይ ግራ ሊጋባ ይችላል። ከሞጣ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ 370 ኪሎሜትር ያህል የተጓዘ አባት «ለጨዋታ ነው እንዴ የመጣነው?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱን በቅጡ መስጠት ይገባል። ጭቃው፣ ወረቀቱና ቀለሙ የልጁን ምላስ አያጠነክሩም። እጅና አፍ በአንጎል ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸውና አንዱ ሲሠራ ሌላው ይነቃል የሚለው ወሬም ከሚገባው በላይ ተጋንኗል። የእጅ ሥራ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ፣ የሁለት ሰዎችን ዓይን በአንድ ነገር ላይ ያሳርፋል። ሕፃን ከመናገሩ በፊት በጣቱ ይጠቁማል፤ እናቱም የጠቆመውን አይታ ስሙን ትነግረዋለች። ጀሮም ብሩነርና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያጠኑት ይህ የጋራ ትኩረት ቋንቋ የሚበቅልበት መሬት ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ አፉን ሲያዩበት የሚሸማቀቅ ልጅ፣ ሁሉም ጭቃውን ሲያይ ይቀለዋል። ጓደኛችን በመስኩ ዳር ወሬኛ፣ በክፍሉ ዲዳ የነበረው ለዚህ ይመስለናል።

ሁለተኛው ነገር ለመናገር ምክንያት መስጠቱ ነው። የንግግር ሐኪሞች በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ቃላትን ጥንድ አድርገው ያሠራሉ። አማርኛ ለዚህ ያዘጋጀልን ጥንድ የጓደኛችን መሳቂያ የሆነው ራሱ ነው፤ ቀበሮና ከበሮ። ሁለቱም በጭቃ ይሠራሉ። ልጁ ሁለቱን ሠርቶ ከፊቱ ያስቀምጥ። አጫዋቹም የተጠራለትን ነገር ብቻ ይስጠው። ልጁ ቀበሮውን ፈልጎ «ከበሮ» ካለ ከበሮው ይመጣለታል። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተቆጣም፤ ነገር ግን ያሰበውና ያገኘው አልተገጣጠሙም። በራሱ ጆሮ የሰማውን ስሕተት ለማረም የሚያደርገው ጥረት «ቀ በል! አሁንም በል!» እየተባለ ከሚያደርገው እጅግ የተለየ ነው።

ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርገን ብንቆይ አይከፋም። አዲስ ድምፅ የሚጸናው በብዙ ልምምድ ነው። አንዳንድ ጥናቶች በአንድ የሕክምና ክፍለ ጊዜ ከ50 ያላነሰ ሙከራ እንዲደረግ ይመክራሉ። የአምስት ዓመት ልጅ አንድን ቃል ያለ ምክንያት 50 ጊዜ አይልም። አሁን ስፌትን እናስብ። ስንደዶው እየተጠማዘዘ አክርማ ይጠቀለልበታል፤ ወስፌው ይወጋል፣ አክርማው ይሾልካል፣ ይሳባል። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ትንሽ ሰፌድ የመጨረሻ ዙሩ ከ62 ሴንቲሜትር በላይ ነው። በየግማሽ ሴንቲሜትሩ አንድ ጊዜ ቢወጋ በአንድ ዙር ብቻ ወደ 125 ጊዜ ያህል «ጠቅልል» ለማለት ያስችላል። በ«ጠቅልል» ውስጥ ደግሞ ሁለት ፈንጂዎች አሉ።

ይህን ስንቆጥር ሳለን ነበር አንድ ነገር ያስተዋልነው። የእጅ ሥራ ትእዛዞቻችን በፈንጂ ድምፆች የተሞሉ ናቸው። ቁረጥ። ለጥፍ። ጠፍጥፍ። ቅረጽ። ጥረብ። ቀጥቅጥ። ቀባ። ጭመቅ። ገና አፉን እየፈታ ላለ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ከሚያስቸግሩት ድምፆች መካከል ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው፤ በመቀስና በጭቃ አጠገብም በብዛት የሚበቅሉት እነዚሁ ናቸው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ይህን ሊነግረን አይችልም፤ የዚያ ቋንቋ መቁረጥና መለጠፍ እነዚህን ድምፆች አይጠይቅምና። «ስፋ» እና «ሳብ» ደግሞ ስን ለሚኮላተፍበት ልጅ የተመደቡ ይመስላሉ።

ይህን የሚሠራበት ሰው አንድ የሰዋስው ነጥብ ልብ ይበል። ከሁሉም የሚበጀው ልጁ አዛዥ፣ አዋቂው ታዛዥ የሆነበት ጨዋታ ነው፤ የእናቱን እጅ የሚያንቀሳቅሰው የእርሱ ቃል ይሆናልና። ነገር ግን ልጁ እናቱን ሲያዝ «ቁረጥ» አይልም፤ «ቁረጪ» ነው የሚለው። ጥ ወደ ጭ ይለወጣል። «ቅረጽ»ም «ቅረጪ» ይሆናል። ስለዚህ ጥን ማለማመድ የሚሻ ሰው ወንድሙን ወይም ጓደኛውን ያስቀምጥለት፤ ጭን የሚሻ ደግሞ እናቱን ወይም እኅቱን።

ከቢቸና እስከ ሞጣ

በደጀን ተገንጥሎ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አገር ንግግርን አሳንሶ አያይም። ከቢቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርቱ ስሙ የገነነ ነው። ቅኔን የምንተረጉምበት «ሰምና ወርቅ» የሚለው ቃል ግን የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ያበጃል፣ ሰሙን በሸክላ ይለብጠዋል፣ በእሳት አቅልጦ ያፈስሰዋል፣ በባዶው ቦታ ወርቁን ይሞላዋል። የአንደበት ጥበባችን ቁንጮ ስሙን ከእጅ ጥበብ ተበደረ። ይህ ሆኖ ሳለ አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን ሕዝቡ ለዘመናት ሲንቃቸውና ሲሸሻቸው ኖሮአል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። ኮልታፋውና ሸክላ ሠሪዋ በአንድ መንደር ውስጥ ጎን ለጎን መሳቂያ ሆነው መኖራቸውን ስናስብ፣ አንዱ ለሌላው የሚጠቅምበት መንገድ መኖሩ ደስ ይለናል።

ፊደል ቆጠራም እዚሁ ላይ ይነሣል። የኔታ ዘንድ የተማረ ልጅ በስንደዶ ፊደሉን እየጠቆመ ሀሁን ሲያዜም፣ እጁና አፉ በአንድ ምት ይሄዳሉ፤ ተነባቢው እንደ ጸና አናባቢው ሰባት ጊዜ ይለዋወጥለታል። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው ሲሠሩ ለማይናገሩ ልጆች የነደፉት «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተሰኘ ዘዴም መሠረቱ የፊደላችን ሥርዓት ነው። የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ነበረበት። ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም. ቢያርፉም፣ ከውጭ የመጣ ዘዴ ብቻ ሳይጠብቁ በአማርኛ የድምፅ ሥርዓት ላይ ቆመው መጀመራቸው ለሚከተሏቸው ሁሉ መንገድ የከፈተ ነው ብለን እናምናለን።

ችግሩ የባለሙያ ቁጥር ነው። የንግግርና የቋንቋ ሕክምናን በዲግሪ ደረጃ ማሠልጠን በአገራችን የተጀመረው በቅርብ ዓመታት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተመራቂዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚሠሩት በዋና ከተማዋ ነው። ከቢቸና አዲስ አበባ 265 ኪሎሜትር ያህል ነው። በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት ሕክምና ይህን ያህል የሚመላለስ ገበሬ የለም፤ በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ደግሞ መንገዱን ይበልጥ አክብዶታል። ስለዚህ ልጁ ምናልባት በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ባለሙያ ቢያገኝ፣ የቀሩትን ሳምንታት የሚሸፍኑት እናቱ፣ እኅቱ ወይም የአንደኛ ክፍል መምህሩ ናቸው። ሊጡና ባለቀለም ወረቀቱ በሞጣ ገበያ ባይገኝ ሰበብ አይሆንም፤ አክርማው፣ ስንደዶውና ሸክላ አፈሩ ሞልቶአል። የንብ ሰምም ለጎጃም ሰው ብርቅ አይደለም፤ በመዳፍ ሙቀት ስለሚለሰልስ እጃቸው ለደከመ ልጆች ከጭቃ ይሻላል።

ነገር ግን ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ የልጁን ጆሮ ማስመርመር። የ«ስ» ድምፅ ጉልበቱ በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። ከፍ ያለውን ድምፅ የማይሰማ ልጅ «ስ»ን ሳይሰማው ሊለው አይችልም፤ ሌላውን ሁሉ እየሰማ ስለሚመልስ ወላጆቹ ጆሮው ደኅና ነው ብለው ያስባሉ። ላንቃቸው የተሰነጠቀ ልጆች ደግሞ ከጆሮ ታምቡራቸው በስተጀርባ ፈሳሽ ስለሚጠራቀም የመስማት ችግር ያዘወትራቸዋል። ሁለት ዓመት ሞልቶት ቃል ያላወጣ፣ ወይም አራት ዓመት ሞልቶት እንግዳ ሰው የማይረዳው ልጅ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በአንጻሩ የሦስት ዓመት ልጅ «ቀ»ን ቢስት የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ጊዜ ይስጡት።

በገጠሮቻችን፣ በአማራ ክልልም ጭምር፣ የሕፃንን እንጥል ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። ደም መፍሰስና መመረዝ ልጅ ይገድላል፤ ምላጩ ጠልቆ ከገባም አየሩን ከአፍንጫ የሚያግደውን ለስላሳ ላንቃ ይጎዳል። ከላይ ስለ ቀዳዳው ዕቃ ያልነውን ያስታወሰ አንባቢ ጉዳቱን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ንግግሩ የዘገየን ልጅ በምላጭ የሚያፋጥን ሰው የለም።

ለመጀመር ለሚሻ

ለሚሞክሩት ሁሉ ከልምድም ከንባብም ያገኘነውን ጥቂት እናክል። ልጁ ሲሳሳት አያርሙት፤ ትክክለኛውን በራስዎ አፍ መልሰው ይበሉለት። «ከበሮ መጣ» ካለ፣ «አዎ፣ ቀበሮው መጣ፤ ቀበሮው ምን ሊሠራ መጣ?» ማለት ይበቃል። ጨዋታው ከአንድ ሩብ ሰዓት አይለፍ፤ በየቀኑ መሆኑ ከመርዘሙ ይበልጣል። ወስፌ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም፤ እነርሱ ዶቃ በክር ይሰኩ፤ ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ግን ዶቃም ይታነቁበታልና ይቅር። በዶቃ ፋንታ የጉሎ ፍሬ የሚሰጥ ሰው አለ፤ ጉሎ ብርቱ መርዝ ስላለው ፈጽሞ አይሆንም። የሚንተባተብ ልጅ ችግሩ ሌላ ነው፤ ለእርሱ በድግግሞሽ ማስጨነቅ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ስለ ጭቃው ደግሞ አንድ ነገር። ዋልካ ለእጅ እጅግ የሚመች አፈር ነው፤ በውስጡ ያሉት የሸክላ ማዕድናት በቅንጣቶቻቸው ንብርብር መካከል ውኃ እያስገቡ ስለሚያብጡ ይለዝባል። ሲደርቅ ግን ያው ውኃ ይወጣና ይኮማተራል፤ በመስከረምና በጥቅምት እርሻው ላይ የምናየው ስንጥቅ በቀበሮውም አንገት ላይ ይመጣል። የጓደኛችን በሬዎች ለምን እንደማይሰነጠቁ አንድ ቀን ጠይቀነው ነበር። ከአጎቱ ቤት ምርግ ተማርኩ አለን፤ የጤፍ ጭድ አድቅቆ ይቀላቅልበታል፣ ከጥላ ሥር ሦስት ቀን ያደርቀዋል። «ቀስ ብሎ ይድረቅ» ለማለት «ከስ ብሎ ይድረክ» አለ፤ በመስኩ ዳር ነበርንና ማንም አልሳቀም።